ሁለት አዳራሽ፣ አንድ ሰርግ

በዚህ ዓመት ጥር፣ እዚህ ጎንደር የጥምቀት ታቦታት ከቀሐ ወንዝ በተመለሱ ሰሞን፣ የጎረቤቴ ልጅ ስትዳር ወደ አንድ አዲስ አዳራሽ ተጠርቼ ሄድኩ። ከመድረኩ ጀርባ ግድግዳውን የሞላ ስክሪን ተሰቅሏል፤ በየዓምዱም ሌላ ስክሪን አለ። ሙሽራዋ ፈገግ ስትል አዳራሹ ዙሪያውን ፈገግ ይላል። የተቀመጥኩት ከባለሙያው አጠገብ ነበር። ታብሌቱን ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአንድ ጣቱ ምስሉን ከዚህ ወደዚያ የሚገፋ ወጣት ነው። ምግቡን ትቼ እሱን እሱን ስመለከት አይታኝ የሙሽራዋ እናት ሳቀችና፣ "እሷ እኮ ድሮ የዚህ ሥራ ባለሙያ ነበረች" አለችው።

ልጁ በአክብሮት ብድግ አለ።

"በምን ነበር የሚሠሩት እናቴ?"

"በማትሪክስ።"

"አውቀዋለሁ! ፎቶውን በኢንተርኔት አይቻለሁ" አለ፣ ስለጠፋ እንስሳ ያወራሁለት ይመስል። ቀጠለና፣ "ያኔም ድምፅና ምስሉን ለየብቻ መላክ ይቻል ነበር እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

"ይቻል ነበር" አልኩት። ልቀጥል ስል ሚዜዎቹ ገቡ፣ ከበሮው ተመታ፣ ወሬያችንም በዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ ምን እንደበላሁ፣ ማን እንደጨፈረ አላስታውስም። ሐሳቤ ሌላ ሰርግ ሄዶ ነበር።

ያኔ ሃያዎቹን ገና ጀምሬ ነበር። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሮኒክስ ተመርቄ ሥራ ፍለጋ ከፒያሳ አራዳ፣ ከአራዳ ፒያሳ ስመላለስ ከርሜ፣ በመጨረሻ ሁለት አዳራሽ ያለው አንድ አዲስ ሆቴል ቀጠረኝ። የሆቴሉ ባለቤት ጋሽ ሰጠኝ ይባላል። ከዚያ በፊት የእህል ነጋዴ ስለነበር ማንኛውንም ዕቃ ሲያይ እንደ ጆንያ ክብደቱን ይገምታል። አዳራሾቹን ሲያሠራ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ቴሌቪዥኑን፣ ድምፅ ማጉያውን፣ ካሜራውን፣ ከሁሉም ጋር ማትሪክስ የሚሉትን አንድ የብረት ሣጥን ይዞ መጣ። ሻንጣ ያክላል፤ ከፊቱ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ከጀርባው ደግሞ ገመድ መሰኪያ ብቻ ነው። ሠራተኞቹ "የጋሼ ቀፎ" ይሉት ነበር፤ ሲበራ እንደ ንብ እዝዝ ስለሚል።

አብሮት የመጣው አሰልጣኝ ጥድፊያ ላይ ነበር። ሆኖም አንድ ነገር በደንብ አስረዳኝ። "ይህ ዕቃ የሚያውቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው" አለኝ። "አንደኛ፣ ወዴት? ሁለተኛ፣ ከየት?" የላይኛው ረድፍ ቁልፎች መግቢያዎቹ ናቸው፤ ካሜራ፣ ቪዲዮ ማጫወቻ፣ ማይክ የመሳሰሉት በዚያ ይገባሉ። የታችኛው ረድፍ መውጫዎቹ ናቸው፤ በየክፍሉ ያሉት ቴሌቪዥኖችና ድምፅ ማጉያዎች። መጀመሪያ መድረሻውን ትነኪያለሽ፣ ቀጥለሽ መነሻውን፣ ከዚያ ማጽደቂያዋን። የፈለግሽውን ምስል ለፈለግሽው ክፍል ትሰጫለሽ። አንዱን ምስል ለሁሉም መስጠት ይቻላል፤ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለያየ መስጠትም ይቻላል። ምስሉን ከአንድ ካሜራ፣ ድምፁን ከሌላ ቦታ አድርጎ ማጋባትም ይቻላል።

እሱ ሲሄድ እኔ ከሣጥኑ ጋር ብቻዬን ቀረሁ። የመቆጣጠሪያዋ ክፍል በሁለቱ አዳራሾች መካከል፣ ከደረጃው ሥር የተወሸቀች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ ወንበር፣ አንድ መደርደሪያ፣ አንድ ትንሽ ሞኒተር አላት። እንግዳ በሌለበት ቀን በሯን ዘግቼ ቁልፎቹን ስነካካ እውል ነበር። የሚገርመኝ አንድ ነገር ነበር። የታችኛውን አዳራሽ ምስል ወደ ላይኛው ስሰድ፣ ላይኞቹ ታችኞቹን ያያሉ እንጂ ታችኞቹ ላይኞቹን አያዩም። መንገዱ አንድ አቅጣጫ ነው። መመለሻውን ለብቻው መክፈት ያስፈልጋል። ይህን ነገር ማንም ትኩረት ሰጥቶ አያየውም፤ ለእኔ ግን ከሁሉም በላይ የዕቃውን ጠባይ የነገረኝ ይኸው ነው።

አንድ ቀን ጋሽ ሰጠኝ ሽማግሌዎች ይዞ ክፍሌ ድረስ መጣ። ከፊት የቆሙት አያ ደርሶ ይባላሉ፤ ከኮሶዬ ማዶ የመጡ፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው የተከናነቡ፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ወንበሬን ለቀቅኩላቸው፤ ተቀመጡና ነገሩን ከሥሩ ነገሩኝ።

በሁለት ጎረቤት መንደሮች መካከል ደም አለ። በግጦሽ ድንበር ተነሳ፤ ከገበያ መልስ ጠብ ሆነ፤ ይርጋ የሚባል ጎረምሳ ደሳለኝ የሚባለውን ገደለው። ይርጋ ታስሮ ቅጣቱን ጨረሰ፤ ነገር ግን የሟች ወገን ስላለ ወደ አገሩ መመለስ አልቻለም፤ መተማ አካባቢ አለ ይባላል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ቤተሰቦች እህል ውሃ ተለያዩ። አንዱ በሄደበት መንገድ ሌላው አይሄድም፤ ገበያ እንኳ ሲወርዱ በተለያየ ቀን ነው። ታዲያ የደሳለኝ ታናሽ ወንድም መልካሙና የይርጋ ታናሽ እህት ሙሉ ጎንደር መምህራን ኮሌጅ ተገናኙ። አንዱ የማን ልጅ እንደሆነ ሌላው ሳያውቅ አልቀረም። ተደባብቀው ከረሙ፤ በኋላ ግን እንጋባለን አሉ።

"እንዲህ ያለ ጋብቻ ደም ያደርቃል የሚል አለ" አሉ አያ ደርሶ። "ደም ያስነሳል የሚልም አለ። እኛ ስንወጣ ስንወርድ ከርመን፣ ሰርጉ ይሁን፣ እርቁ ግን ገና ነው ተባለ። ወንዶቹ ዓይን ለዓይን እንዳይተያዩ ምለንላቸዋል። በአገራቸው ቢሆን ስለሚያስቸግር እዚህ አመጣነው። የወንዱ ወገን በላይኛው አዳራሽ፣ የሴቷ ወገን በታችኛው። ወጡ ሳይቀር በተለያየ ድስት ነው የሚሠራው።"

"ሙሽሮቹስ አያ?"

"አንዴ እዚህ፣ አንዴ እዚያ ይቀመጣሉ። እዚህ ሲሆኑ እዚያ ያሉት በምን ያዩዋቸዋል? ሰውየው ዕቃ አለኝ ይላል" ብለው ወደ ጋሽ ሰጠኝ አዩ።

ዕቃውን አስረዳኋቸው። ሙሽሮቹን ብቻ የሚከተል ካሜራ ይኖራል፤ የሱ ምስል ለሁለቱም አዳራሽ ይሄዳል። በየአዳራሹ ያለው ካሜራ ግን ለራሱ አዳራሽ ብቻ ያሳያል፤ አይሻገርም። አያ ደርሶ ሲሰሙኝ ቆዩና፣ "እንደ መስኖ ቦይ ነው በይኛ። አፉን የከፈትሽለት ይጠጣል" አሉ።

"አዎ አያ።"

"ውሃ ሲከፋፈል ያንሳል። ይኼስ?"

"አያንስም። ለሁሉም እኩል ነው።"

"ሸጋ ነው" አሉና ተነሡ። በር ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ "ልጄ፣ ቦዩ እንዳይሰበር። የደሳለኝ አጎት አለ፤ ሞላ ይባላል። የነዚያን ወገን ሲስቅ በዚያ መስታወት ያየ እንደሆነ አንይዘውም" አሉኝ።

ከዚያ እስከ ሰርጉ ድረስ እንቅልፌ ሰላም አልነበረውም። ገመዶቹን አንድ በአንድ እየነቀልኩ ሰካሁ፤ በነጭ ፕላስተር ላይ ስም እየጻፍኩ ለጠፍኩ። ስሞክረው አንድ ክፉ ጠባይ አገኘሁበት። መብራት ሄዶ ሲመለስ ሣጥኑ ያስያዝኩትን ሁሉ ይረሳል፤ በመጀመሪያው መግቢያ ያለውን ምስል ለሁሉም መውጫ ያድላል። በመጀመሪያው መግቢያ ላይ ያለው ደግሞ የታችኛው አዳራሽ ካሜራ ነው። የሱ ገመድ ብቻ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሮ ከሣጥኑ ጋር የተበየደ ስለነበር መቀየር አልቻልኩም። ስለዚህ መብራት በጠፋ ቅጽበት ወደ ላይኛው አዳራሽ የሚሄደውን ገመድ ነቅዬ ለመጣል እጄን አለማመድኩት። ዓይኔን ጨፍኜ እስካገኘው ድረስ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ነፋሻ ነበር። ከደባርቅ መንገድ የሚወርዱት አይሱዙዎች በቄጠማና በሪባን አሸብርቀው፣ ከላይ የጫኑት ሰው እየዘፈነ፣ በአቧራ ተሸፍነው ደረሱ። የሴቷ ወገን አስቀድሞ በታችኛው በር ገባ። የወንዱ ወገን ቆይቶ በላይኛው። መሣሪያ የያዘው ሁሉ ሽማግሌዎቹ ባዘጋጁት ቤት አስቀምጦ ነው የመጣው። ከሁለቱ ወጥ ቤቶች የሚወጣው የቅቤና የኮረሪማ ሽታ ግን መሐላ አላሰረውም፤ ደረጃው ሥር መጥቶ ይቀላቀል ነበር።

ረፋዱ በሰላም አለፈ። ሙሽሮቹ በታችኛው አዳራሽ ሲቀመጡ የላይኞቹ በቴሌቪዥን እያዩ እልል አሉ። ልክ ምሳ ቀርቦ ሙሽሮቹ ወደ ላይኛው እንደተዛወሩ መብራት ጠፋ። እጄ ቀድሞኝ ሄደ፤ የላይኛውን አዳራሽ ገመድ ነቀልኩ። አዳራሾቹ መስኮት ስላልነበራቸው ጨለማ ዋጣቸው፤ ጫጫታው ወደ ጉርምርምታ ተለወጠ። ጋሽ ሰጠኝ "ጄኔሬተር! ጄኔሬተር!" እያለ በጓሮ ሲሮጥ ይሰማኛል።

በዚህ መሃል በሬን አንዲት ሴት ገፋ አደረጉት። ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ያጣፉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ጎድጎድ ያለ ናቸው።

"ልጄ፣ ጨለማው አፍኖኝ ነው። ትንሽ ልቀመጥ?"

የሙሽራው እናት ነበሩ፤ እትዬ ይመኙሻል። የደሳለኝም እናት ማለት ነው። በልጃቸው ሰርግ ቀን እንኳ ጥቁራቸውን ከነጠላው ሥር አላወለቁትም። ወንበሬን ሰጠኋቸው።

ጄኔሬተሩ ተነሳ። ሣጥኑ እዝዝ ማለት ጀመረ፤ መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። እኔ ቶሎ ብዬ ሁሉንም እንደነበረ አስያዝኩ፣ የሙሽሮቹ ምስል ለሁለቱም አዳራሽ መሄዱን አረጋግጬ የላይኛውን ገመድ መልሼ ሰካሁ። የቀረኝ የራሴ ሞኒተር ብቻ ነበር። ያቺ እንደፈራሁት የታችኛውን አዳራሽ እያሳየች ነው። እጄን ወደ ቁልፉ ስሰድ ከኋላዬ፣

"አትንኪው" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

ሞኒተሩ ላይ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ከገበታው ዳር ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ሰው ሁሉ ይበላል፤ እሳቸው ፊት የቀረበው እንጀራ ግን እንደተጠቀለለ ነው። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው።

"ብርቄ ናት" አሉ እትዬ ይመኙሻል። "አርጅታለች።"

እትዬ ብርቄ የሙሽራዋና የይርጋ እናት ናቸው። አንዷ ልጇን ቀብራለች፤ ሌላዋ ልጇ በቁሙ ቀርቶባታል።

እትዬ ይመኙሻል ወደ ሞኒተሩ ጠጋ አሉ። "ልጆች ሆነን አንድ ምንጭ ነበር የምንቀዳው። ይርጋን ስትወልድ ያገላገልኳት እኔ ነኝ፤ በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኩት" አሉና እጃቸውን እንደ ሌላ ሰው እጅ አዩት። ጥቂት ቆይተው፣ "ምነው አትበላም?" አሉ።

"አላውቅም እትዬ።"

"ድምፅ የለውም?"

"ድምፁን አልከፈትኩትም።"

"ታየኛለች?"

"አታይዎትም። መንገዱ ወደ እርስዎ ብቻ ነው።"

ቀስ ብለው፣ "ሰርቆ ማየት ጥሩ አይደለም። እሷም ታየኝ" አሉ።

ምን ላድርግ? ዕቃው ይችላል። ቦታው አለ፤ ከታችኛው አዳራሽ አጠገብ የሙሽራዋ ማረፊያ ክፍል አለች፣ እሷም የራሷ ቴሌቪዥን አላት። መደርደሪያዬ ላይ መለዋወጫ ካሜራ ተቀምጧል። ግን መሐላ አለ፤ መሐላው ደግሞ የእኔ አይደለም። አያ ደርሶን አስጠራሁ።

መጥተው በሩ ላይ ቆመው ሁሉንም ሰሙ። ሞኒተሩን አዩ፣ እትዬ ይመኙሻልን አዩ፣ ጺማቸውን አሻሹ። እኔ እንደሚከለክሉ እርግጠኛ ነበርኩ።

"እኛ የማልነው ለወንዶቹ ነው" አሉ በመጨረሻ። "የተባለውም በአዳራሽ እንዳይተያዩ ነው። እናንተ ሴቶች ናችሁ፤ ይህችም ክፍል አዳራሽ አይደለችም። ግን ብርቄን ሳልጠይቅ አይሆንም።"

ብለው ወረዱ። እኔ የታችኛውን ካሜራ የያዘውን ባልደረባዬን ስንታየሁን ካሜራውን ይዞ ወደ ሙሽራዋ ክፍል እንዲገባ ላክሁበት፤ አስቀድሜ ግን ያ ምስል ወደ የትኛውም አዳራሽ እንዳይሄድ ዘጋሁት። መለዋወጫውን ካሜራ በነፃው መግቢያ ሰክቼ የእትዬ ይመኙሻልን ፊት እንዲይዝ አስተካከልኩና ምስሉን ወደ ሙሽራዋ ክፍል ቴሌቪዥን ሰደድኩት። ድምፅ ማጉያውና ማይኩ ሲቀራረቡ ስለሚያፏጭ ድምፁን ዝቅ አደረግኩ።

እትዬ ብርቄ ሞኒተሩ ላይ ብቅ አሉ። አያ ደርሶ ክንዳቸውን ደግፈው አስቀመጧቸውና ከምስሉ ወጡ። እትዬ ብርቄ መጀመሪያ የት እንደሚያዩ ግራ ገባቸው። ከዚያ ቴሌቪዥኑን አዩ። ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አመጡት።

ገመዱ ተበላሽቶ እንደሆነ ብዬ የድምፁን መብራት አየሁ፤ ይበራል።

"ብርቄ" አሉ እትዬ ይመኙሻል።

"አቤት።"

"ምሳሽን ምነው አልበላሽም?"

እትዬ ብርቄ እንባቸው ቀደማቸው። "በደሳለኝ ወንድም ሰርግ ላይ እህል እንዴት ይወርድልኛል፣ ይመኙሻል?"

"እኔም አልቀመስኩም።"

"አንቺማ እናት ነሽ።"

"አንቺስ?"

ከላይኛው አዳራሽ ከበሮው ይሰማል፤ የሙሽሮቹ ዘፈን ነው። እትዬ ይመኙሻል ጉልበታቸው ላይ የወደቀውን ነጠላ ሰብሰብ አደረጉ።

"ለልጅሽ ያለኝን አንጀት አትጠይቂኝ። እሱ ገና ነው፤ የሚቀርም ይመስለኛል። አንቺን ግን አጥቼሻለሁ፤ ብቻዬን አዝኜ ብቻዬን አረጀሁ። እኔ ከበላሁ ትበያለሽ?"

እትዬ ብርቄ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከላይኛው ወጥ ቤት ለእትዬ ይመኙሻል፣ ከታችኛው ለእትዬ ብርቄ ምግብ አስመጣን። ሰሐኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። እትዬ ይመኙሻል ቆርሰው፣ ወጥ ነክተው፣ ጉርሻውን ወደ ሞኒተሩ ከፍ አደረጉት፤ ወደ ጓደኛቸው አፍ እንደሚያደርሱት አድርገው። ከዚያ ራሳቸው ጎረሱት። እዚያ ማዶም እንዲሁ ሆነ።

እኔ ከክፍሌ ወጥቼ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። አያ ደርሶም ከታች መጥተው ከጎኔ ቆሙ። ከውስጥ ድምፃቸው ይሰማል፤ ቃሉ ግን አይለይም። ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል፤ አንዴ ሁለቱም ሲያለቅሱ፣ አንዴ ደግሞ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ሲስቁ ሰማሁ።

ያኔ ነው የፈራነው ሰው ደረጃውን የወረደው። የደሳለኝ አጎት ሞላ፣ የእትዬ ይመኙሻል ወንድም፤ ትከሻው በሩን የሚሞላ ሰው።

"እህቴ የት ናት? መብራት ከጠፋ ወዲህ የለችም።"

"ምሳ እየበላች ነው" አሉ አያ ደርሶ፣ ከበሩ ሳይንቀሳቀሱ።

"ከማን ጋር?"

አያ ደርሶ ዋሽተው ሊሸኙት ይችሉ ነበር። ዓይኑን እያዩ፣ "ከጓደኛዋ ጋር" አሉት።

ሞላ በእጁ ገፋ አድርጎ በሩን ከፈተው። ከእህቱ ትከሻ በላይ ሞኒተሩ ላይ የገዳዩ እናት አሉ፤ ፊታቸው በእንባ የራሰ፣ እንጀራ በእጃቸው የያዙ። እትዬ ይመኙሻል ዞር አላሉም፤ ማን እንደገባ ያወቁ አይመስለኝም። ሰሐናቸው ባዶ ሊሆን ቀርቧል።

ሞላ ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ አላውቅም። መንጋጋው ሲንቀሳቀስ አየሁ። እጁ ወገቡ ጋ ሄደ፤ እዚያ የነበረው መሣሪያ ግን ዛሬ የለም። ቀስ ብሎ በሩን እንደነበረ ገርበብ አደረገው።

"ደሳለኝ ከሞተ ወዲህ እንዲህ ስትበላ አይቻት አላውቅም" አለ፣ ለእኛ ይሁን ለራሱ ሳይለይ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ "ወጥ ጨምሩላት" አለኝና ደረጃውን ወጣ።

አያ ደርሶ ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ።

ሰርጉ በሰላም ተፈጸመ። ወንዶቹ ያን ቀን አልታረቁም፤ በተለያየ በር እንደገቡ በተለያየ በር ወጡ። እርቁ የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ካህናት ባሉበት፣ ብዙ ከተለፋ በኋላ። እኔ አልነበርኩም፤ የሰማሁት ሙሉ ከነገረችኝ ነው። ሙሉና መልካሙ የመጀመሪያ ልጃቸውን ደሳለኝ አሉት። የይርጋ እናት እትዬ ብርቄ ያንን ስም ለመጥራት መጀመሪያ አንደበታቸው እምቢ ብሏቸው እንደነበር፣ በኋላ ግን ከሰው ሁሉ ይልቅ ደጋግመው የሚጠሩት እሳቸው እንደሆኑ ሙሉ አጫውታኛለች። እትዬ ይመኙሻል ጥቁራቸውን አወለቁ። ይርጋ ግን አልተመለሰም፤ እንዳሉትም እሱ ቀረ። እትዬ ይመኙሻል ሲያርፉ እትዬ ብርቄ ወገባቸውን በመቀነት አስረው፣ ከሟች ዘመዶች ቀድመው ሲያለቅሱ ያየ ሰው ብዙ ነው።

እኔ ከሆቴሉ ወጥቼ የራሴን የጥገና ሱቅ ከከፈትኩ ቆየሁ። ማትሪክሱም ዕድሜው አልቆ ለመለዋወጫ ተሸጠ። አልፎ አልፎ ነገሩን የሰሙ ሰዎች "አንቺ እኮ ነሽ ያስታረቅሻቸው" ይሉኛል። እንዲህ ሲባል ያሳፍረኛል። እኔ ቁልፍ ነው የነካሁት። አንዷ እናት "እሷም ታየኝ" ባትል፣ አንድ ሽማግሌ መሐላውን ከሕይወት ጋር አስማምቶ ባይፈታው፣ ሞላ ያን በር በርግዶ ቢገባ፣ ዕቃዬ የሚያውቀው ነገር ምንም ባልጠቀመ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ግን ያ ልጅ በሰርጉ ስለ ድምፅና ምስል የጠየቀኝ ነገር፣ ያን ቀን ምስሉን እንጂ ወሬውን እንዳልሰማሁ አስታውሶኝ፣ አላስቀምጥ አለኝና ሱቄን ዘግቼ በደባርቅ ሚኒባስ ኮሶዬ ወጣሁ። ብርዱ አጥንት ይገባል። መንገድ ዳር ካለው ምግብ ቤት ትኩስ ጥብስ በልቼ፣ የእትዬ ብርቄን ቤት ጠይቄ ደረስኩ። ዓይናቸው ደክሟል። እጄን ይዘው ፊቴን ዳሰሱና ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው አልለቀቁኝም፤ ጠላ ቀዱልኝ፣ ስለ ልጅ ልጆቻቸው አወሩልኝ፣ ስለ ዘንድሮው ገብስ አወሩልኝ። ያን ቀን እኔ ከክፍሉ ከወጣሁ በኋላ ምን እንደተባባሉ ልጠይቃቸው ነበር የመጣሁት። ጥያቄው ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ያሰብኩትን ያወቁ ይመስል እሳቸው ቀደሙኝ።

"ያን ቀን ደጅ ቆመሽ ነበር አሉ። ክፍሉ ያንቺ ነው፤ ምነው ወጣሽ?"

"ወሬው የእናንተ ነው ብዬ እትዬ።"

ከውጭ ነፋሱ የገብሱን አገዳ ሲያንሿሿው ይሰማል።

"አዎን" አሉ፣ እጄን መታ መታ እያደረጉ። "የኛ ነበር።"